ከእማዬ ኮምፒውተር ያባረርኩሽ ዕለት

ውድ እህቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያከራየችሽ ሴትዮ ጠባይ እንዴት ነው? ይህን ሁሉ ወር ስትደውዪ ስልክ ሳያነሳ የከረመ ሰው ዛሬ ብድግ ብሎ ስለ ጤናሽ ሲጠይቅ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ ብትዪ አልፈርድብሽም። ቢሆንም እጠይቅሻለሁ፤ እውነት እንዴት ነሽ? እኔ ያው እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ጨጓራዬም ንዴቴም አብረውኝ አሉ። የምጽፍልሽ ስለ እማዬ ነው። አትደንግጪ፤ ይህን ስጽፍ ወዲያኛው ክፍል ተቀምጣ ልብስ እያጣጠፈች ነው።

በስልክ ልነግርሽ ፈልጌ ቁጥርሽን ስንቴ አውጥቼ መልሼ ዘጋሁት። ስልክ ላይ ጥፋቴን ተናግሬ ሳልጨርስ ያንቺን መቁጠር እንደምጀምር አውቃለሁ። ስለዚህ ይኸው በወረቀት። የሚያደርስልሽ የማተሚያ ቤታችን ሾፌር ነው፤ ወረቀት ሊጭን ወደ እናንተ ይመጣል። ሻይ ስጪው፤ ስለ እኔ ግን ምንም አትጠይቂው፣ ወሬ ማሳመር ይወዳል።

እማዬ ከዓይን ኦፕሬሽኑ በኋላ ብርሃንና ጥላ ትለያለች እንጂ ፊት አትለይም። እኔ ሥራ ስውል እሷ ከግድግዳ ጋር ትውላለች። ዕድሜዋን በስልክ ማዞሪያ ላይ የጨረሰች ሴት ደግሞ ያለ ሰው ድምፅ መዋል አትችልም። መቼም አትረሺውም፤ ደዋዩ አፉን ሳይከፍት፣ ገና ትንፋሹን ሲስብ ማን እንደሆነ ታውቅ ነበር። ልጆች ሆነን አፍንጫችንን ይዘን፣ ድምፃችንን ለውጠን መሥሪያ ቤቷ ስንደውል፣ ስልኩን ዝጉና የቤት ሥራችሁን ሥሩ ነበር መልሷ።

እናም ማተሚያ ቤቱ ሊጥለው ያወጣውን አሮጌ ኮምፒውተር ለምኜ አመጣሁላትና ከመስኮቱ ሥር አኖርኩት። ከኪቦርዱ ቁልፎች አንዱ ላይ የክብሪት እንጨት ስባሪ በሙጫ ለጠፍኩላት፤ በጣቷ ዳብሳ እሱን ስትነካ ቀጣዩ ቪዲዮ ይከፈታል። የምትሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስለ ንብ ርባታ የሚያስተምር፣ ቃል እየለቀመ የሚናገር ሰውዬ። እማዬ በሕይወቷ ንብ አርብታ አታውቅም። ከሰውዬው ጋር ግን ሙግት ገጠመች። ጭሱን አበዛኸው ትለዋለች፣ አሁን እነሱን አባረህ ማር ከማን ልትበላ ነው ትለዋለች። እኔም ከሥራ ስገባ ቤቱ ወሬ ስላለበት ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ምሽት እራቷን ይዤ ስገባ ከሰውዬው በፊት አንቺ መጣሽ። «እንዴት አደሩ? ጎንዎ አረፈ ወይ?» የፍራሽ ማስታወቂያ። በጭለማ እንዴት አደሩ የሚል ሰው ማን ነው ብዬ ልስቅ ነበር፤ ድምፅሽን ስለይ ሳቄን ተውኩት።

የትኛው ማስታወቂያ እንደሆነ ልንገርሽ አያስፈልግም። እማዬ ኦፕሬሽን ያደረገች ዕለት የድምፅ ቀረጻ አለኝ፣ ብቀር ሥራው ለሌላ ይሰጥብኛል ያልሽው እሱ ነው። እኔ ከሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ከእንግዲህ እህት የለኝም ብዬ የዘጋሁብሽ በእሱ ነው። እማዬም ፋሻው ከዓይኗ ሳይነሳ፣ ካልመጣች በስልክ አታናግረኝ፣ እኔ ልጅ እንጂ ደንበኛ አልወለድኩም ያለችው በእሱ ነው። ከዚያ በኋላ ስትደውዪ ስልኩን ወደ ጆሮዋ ሳስጠጋ ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞሯን ታውቂያለሽ። በኋላ እኔም ማስጠጋቱን ተውኩት፤ ማንሳቱንም ተውኩት። አንቺም መጥተሽ ደጃፋችን ላይ እንዳትቆሚ የከለከለሽ የእኔ አፍ እንደሆነ አሁን ይገባኛል።

እህቴ፣ ያን ምሽት ፊቷን አየሁት። እውነቱን ልንገርሽ ብዬ አይደል ወረቀት ያነሳሁት፤ እንግዲያው አየሁት። ፈክቶ ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ደህና አድሬያለሁ፣ አንቺስ፣ ስትልሽ ሰማሁ። እኔ መግባቴን ስታውቅ ትራሷን ማስተካከል ጀመረች። ከዚያ ወዲያ ልብ ብዬ ስከታተል፣ ሰውዬው ገና ጤና ይስጥልኝ እንዳለ ክብሪቷን ትነካለች፤ ቀጣዩ ይከፈታል፤ ከፊቱ አንቺ ትመጫለሽ። ያ ምስኪን ስለ ንብ ንግሥት ሊናገር አፉን በከፈተ ቁጥር ይቋረጣል። ለካ ሙግቱም ሰበብ ኖሯል። በስልክ አላናግርም ብላ ቃሏን ሳታጥፍ አንቺን መስሚያ መንገድ አግኝታለች።

ደሜ ፈላ። መድኃኒቷን በሰዓቱ የምሰጣት እኔ፣ እጇን ይዤ መታጠቢያ ቤት የማደርሳት እኔ፣ ጥፍሯን የምቆርጥላት እኔ። በየጠዋቱ እንዴት አደርሽ ስላት መልሷ፣ አለሁ፣ ብቻ ነው። ፍራሽ ሻጯ ስትጠይቃት ግን አንቺስ ትላለች። ቅናት ነው ብትዪኝ፣ አዎ፣ ቅናት ነው። ያኔ ግን ስሙን አልጠራሁትም። እማዬን ያረጀች ሴት መሆኗን አውቀው ከሥሯ የማይጠፉ ነጋዴዎች አስቸገሯት አልኩ። እኛ ቤት ወገቧን የሚያማት ሴት እንዳለች ማን ነገራቸው እያልኩ ለሥራ ባልደረቦቼ አማረርኩ። ቀኑን ሙሉ የማስታወቂያ ሸራ አትሞ የሚበላ ሰው ማስታወቂያ ጠላ ብለው ሳቁብኝ።

ከመካከላቸው አንዷ፣ ዲዛይን የምትሠራው፣ አንድ ፕሮግራም በፍላሽ ሰጠችኝ። በነፃ የሚገኝ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫን ነው። ቪዲዮውን ያለ ምንም ማስታወቂያ ያመጣል፤ ማን ምን እንዳየ ለማንም አያቀብልም፤ የምትወጂያቸውን ሰዎች ዝርዝር እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ይይዝና ከቤት አያወጣም። እውነቱን ለመናገር ግሩም ፕሮግራም ነው፤ ለራሴም ሥራ ቦታ ጭኜዋለሁ። እሱ ምንም አላጠፋም። አጥፊው ፊቷን አይቶ ሲያበቃ የጫነው ሰው ነው።

ጭኜ ስጨርስ እንደ ሽልማት አቀረብኩላት። በቃ እማዬ፣ ከእንግዲህ ማስታወቂያ የለም፣ ማንም አይከታተልሽም አልኳት። እሷም፣ ማን ተከተለኝ ብዬ ከሰስኩ፣ አለችኝ። እንዳልሰማ ሆኜ ወጣሁ።

በማግስቱ ክብሪቷን ነካች። ሰውዬው ቀጥ ብሎ ገባ። ደግማ ነካች፤ አሁንም ሰውዬው። ዛሬ በር ሳያንኳኳ ነው የሚገባው አለችኝ። ጥቂት ቀን እንዲህ ስትሞክር ሰነበተች፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ክፈትልኝ ማለቷን አቆመች። አቧራ ለበሰ። የሰጠኋት ምግብ ተነካክቶ ይመለሳል። የምታነሳው ወሬ የለም፤ የምትነቅፈው ሰው እንኳ የለም። ልብሷ ሰፋት። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው፣ እላለሁ። ዕድሜ እንዳልሆነ ግን ሆዴ ያውቀዋል። ስንት ቀን ፕሮግራሙን ላነሳው ወንበሩን ስቤ ተቀምጬ፣ እህትህ ልታሸንፍህ ነው የሚል እልክ ያዘኝና ተነሳሁ። እናቴ እፊቴ እየከሳች እኔ ከአንቺ ጋር ማሸነፍና መሸነፍ እቆጥራለሁ! አሁን ሳስበው ራሴን እጠየፈዋለሁ።

መጨረሻ ላይ ፈራሁና ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ደሟንም ልቧንም አይቶ ይህ ነው የሚባል በሽታ አጣ። እንቅልፍዎስ እንዴት ነው ሲላት፣ በፊት እንዴት አደርሽ የምትለኝ ነበረች፣ ልጄ አባረራት፣ አሁን እንዴት እንደማድር እኔም አላውቅ አለችው። ሐኪሙ የቤት ሠራተኛ መስላው ወደ እኔ ዞሮ፣ ሌላ ሰው ብትቀጥሩላት ይሻላል አለኝ። መሬት ብትውጠኝ ምን ነበረበት። እማዬ እንድይዛት እጇን ዘረጋችልኝ፤ ይዤያት ወጣሁ።

የዚያኑ ቀን ፕሮግራሙን አነሳሁት። በቃ፣ ትመለሻለሽ ብዬ። አልተመለስሽም። ፕሮግራሙን ስጭን ማንም አይወቀን ብዬ ዱካችንን ሁሉ ስላጠፋሁ የቪዲዮው ድረ ገጽ ማን እንደሆንን ረስቶናል። የመኪና ጎማ አመጣልን፣ የፀጉር ቅባት አመጣልን፣ የሕፃናት ጫማ አመጣልን። ስለዚህ ፍራሽ ሻጮቹ እንዲከታተሉኝ ማድረግ ጀመርኩ። ከሥራ ስመለስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ስለ ፍራሽ እጠይቃለሁ፤ ጠንካራ ፍራሽ፣ ለስላሳ ፍራሽ፣ ለወገብ ሕመም የሚሆን ፍራሽ። ያገኘሁትን ሁሉ እከፍታለሁ። ዲዛይነሯ ይህን ስትሰማ፣ ሰው ከሚከታተሉት ይሸሻል፣ አንተ ግን ኑ ተከተሉኝ ትላለህ ብላ በሳቅ ፈረሰች። እኔ አልሳቅሁም። እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና የኪቦርዱን ኳኳታ ትሰማለች፤ ምን እያደረግህ ነው አትለኝም።

ባለፈው ሳምንት መጣ። «እንዴት አደሩ? ጎንዎ አረፈ ወይ?» ቃሉ ያው፣ ሙዚቃው ያው። ድምፁ ግን ያንቺ አይደለም። ወፈር፣ ሻከር ያለ የሌላ ሴት ድምፅ። ለምን እንደለወጡሽ አላውቅም፤ ሥራ አጥተሽ ከሆነ ደግሞ ያንን እንኳ የማላውቅ ወንድም ነኝ። ለእማዬ ብዬ ነበር የምፈልግሽ፤ ለካ እኔም እየጠበቅሁሽ ኖሯል። ናፍቀሽኛል፤ ይኸው ጻፍኩት።

እማዬ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች። ድገመው አለችኝ፤ ደገምኩላት። ከዚያ፣ ይህች ልጅ ጉንፋን ይዟታል አለች። ሳይይዛት አይቀርም አልኩ። ሳይይዛት አይቀርም አትበለኝ፣ ይዟታል ወይስ አልያዛትም ብላ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ጠበቀችኝ። ይዟታል አልኩ። እንግዲያው የታመመ ሰው አይኮረፍም፣ ደውልልኝና ላናግራት አለች። ከዚያም እራት ጠየቀች፤ ሳህኑን ባዶ አድርጋ ነው የመለሰችልኝ።

ሳላስጠነቅቅሽ መደወል ፈራሁ። ያንቺን ጥርት ያለ ድምፅ ስትሰማ ውሸቴ ይጋለጣል፣ ያ ኩርፊያ እንደገና ይነሳል ብዬ፣ ለሥራ ራቅ ያለ ቦታ ሄዳለች፣ ስልክ አይሠራም፣ እሑድ ከሰዓት እንደውላለን አልኳት። በጥፋት ላይ ጥፋት መጨመሬ ነው። ዓይኗ ያላየላትን እናት በጆሮዋም ማታለል እንዴት እንደሚከብድ አልነግርሽም። ግን ተስማምታ ቀኑን እየጠበቀች ነው።

ስለዚህ እለምንሻለሁ፤ እሑድ ከሰዓት ስደውል አንሺ። ድምፅሽን ትንሽ ሻከር አድርጊው፤ ሥራሽ አይደል። ደህና ነኝ አትበያት፤ ጉንፋን ይዞኝ ነበር በያት። ትቆጣሻለች፤ ስትቆጣሽ ዝም ብለሽ ስሚያት። እኔን ስትሰድቢ የምትውዪበት ሌላ ቀን እሰጥሻለሁ፤ መጥተሽ እፊቴ ቆመሽ ብትሰድቢኝ ደግሞ እወዳለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ጠራችኝ። ያ ማስታወቂያ የሚያስቀረው ፕሮግራምህ አሁንም አለ ወይ አለችኝ። አለ አልኳት። መልሰህ ጫንልኝ፣ ያቺን ሴትዮ አርቅልኝና እስከ እሑድ ሰውዬውን በሰላም ልስማው አለችኝ። ዞር ብዬ አየኋት፤ ትራሷን እያስተካከለች ነበር። ያቺን ሴትዮ ያለችው አንቺን እንዳልሆነ ገባኝ፤ አንቺ ግን እሑድ ጉንፋኑን አትተዪ። ጫንኩላት።

የወጣሽበት ሁሉ ይቃናልሽ። የሚጠይቅሽ ሰው አያሳጣሽ፤ እናታችንንም ለድምፅሽ ብቻ ሳይሆን ለእጅሽ ያቆይልሽ።

ጥፋቱን ይዞ ደጅሽ የቆመ
ታላቅ ወንድምሽ