አንድ ወንድ በሁለት ሴት ልክ

መጋቢት ፫ ቀን ፲፱፻፴፱
ጠዋት ማስተማር፣ ከሰዓት ዝንብ መቁጠር። ከቤይሩት በጠርሙስ ያመጣኋቸው ትንንሽ ዝንቦች የመቀሌን ብርድ ችለዋል። የጠላ አተላ እየበሉ ይራባሉ። ዓይናቸው ኮክ ይመስላል። ሴቷ ቀለሙን የሚሰጠው ክሮሞሶም ሁለት አላት፣ ወንዱ አንድ። ቀለማቸው ግን እኩል ነው። አንዱ የሁለቱን ይሠራል ማለት ነው? ከመቼ ጀምሮ... ገና ፅንስ ሳለ? የቤይሩቱ መምህሬ ደጋ ላይም እንዲሁ መሆኑን ሦስት መቶ ቆጥሬ እስከ ሚያዝያ ከላክሁ ረዳታቸው አድርገው ሊወስዱኝ ነው። እስካሁን ስልሳ ቆጥሬያለሁ።

መጋቢት ፮
አከራዬ እትዬ ሸዋወርቅ ስለ ዝንቦቹ ጠየቁኝ፤ አስረዳኋቸው።
«አንድ ወንድ የሁለት ሴት ሥራ?»
«አዎ እትዬ።»
«በዝንብ አገር ይሆናላ። የእኔ ሟች የግማሿንም አልሠራ።»
እህታቸው የትምወርቅ እስኪያንቃት ሳቀች።

መጋቢት ፲
የዝንብ ማጥፊያ ጽሕፈት ቤት የሚሉት ተከፍቷል። ሹሙ ሀብቴ መጣ። እያንዳንዱ በር በየሳምንቱ አንድ ብርጭቆ የሞተ ዝንብ ያስረክባል፤ ያላስረከበ ቤቱ ይታሸጋል።
«እነ እትዬ ሁለት ናቸው፣ እኔ አንድ ነኝ።»
«ቁጥሩ በበር ነው ሓወይ፣ ወንድሜ።»
«እጥፍ ልግደል?»
«ፍጠን ነዋ።»
ለካ እኔም ወንድ ዝንብ ነኝ።

መጋቢት ፲፫
በአንድ እጄ እገድላለሁ፣ በሌላው አራባለሁ። ቆጠራው ሁለት መቶ አርባ።

መጋቢት ፲፯
ብርጭቆዬ ግማሽ ነበር። ትምህርት ቤት ሳለሁ ሀብቴ ሊያሽግ መጣ። እትዬ «ልጁ ሜዳ ላይ ሊያድር ነው?» ብለው ጠርሙሴ ውስጥ አረቄ ጨመሩ፣ ዝንቦቹን አጥልለው ብርጭቆዬ ላይ ደፉ። ሀብቴ ወሰደው።
«ሞላሁልህ» አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው። አመሰገንኩ። የቀሩኝ ስልሳዎቹ እዚያ ውስጥ ነበሩ...

መጋቢት ፲፰
ጽሕፈት ቤቱ ጓሮ፣ በርሜል ሙሉ ዝንብ። ነገ ይቃጠላል።
«የተረከብነውን አንመልስም» አለ ሀብቴ።
«ልቆጥር ብቻ።»
ምክንያቱን ነገርኩት። ራሱን አከከ። ብርጭቆዬ የተደፋው ከላይ ነበር፤ አጠገቤ ተቀምጦ ትንንሾቹን በስንጥር ይለቅም ጀመር።
«ይሄ ጭራው የጠቆረው?»
«ወንድ።»
«ዓይኑ ግን እንደ ሴቷ ነው።»
«አዎ።»
«አንድ ይዞ እኩል? ማን ፈቀደለት?»
ሲመሽ ሦስት መቶ ሞላ። ሁሉም እኩል። ዝንቦቹ የመንግሥት ናቸው ብሎ የቆጠራ ወረቀቴ ላይ ማኅተም መታ።

ግንቦት ፲፩
ከቤይሩት መልስ መጣ። ረዳትነቱን አገኘሁ...
ሀብቴን ልሰናበት ሄድኩ። ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ አዲስ ማስታወቂያ፦ «የወንደላጤዎች የይቀነስልን አቤቱታ ውድቅ ሆኗል፤ ወንደላጤ ብቻውን ቢሆንም አንድ ሙሉ ብርጭቆ ያስረክባል። አንድ ወንድ በሁለት ሴት ልክ እንደሚሠራ በሳይንስ ተረጋግጧል።» ከሥሩ የእኔ ስም። ሀብቴ የሸለመኝ መስሎታል።
ዞር ስል የትምህርት ቤታችን ወንደላጤዎች፣ ብርጭቆ በእጃቸው። የሒሳብ መምህሩ አስናቀ ቀረብ አለ።
«መኪናህ ነገ ስንት ሰዓት ይነሳል?»
«ጠዋት አሥራ ሁለት።»
«አሥራ አንድ ላይ ሂድ፤ እነዚህ ሳይነቁ።»