ለአባባ የመረጥኩት መጽሐፍ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የእናንተ ከተማ የፐርዝ ሙቀት ዘንድሮ ከወዲሁ ሰው እያንገበገበ ነው ሲሉ በቴሌቪዥን ሰምቼ የትንሹን ልጅሽን አስም አስቤ ተጨነቅኩ። እዚህም ዲሴምበር ገብቶ በጋው ቢጀምርም ከዋልታው በኩል የሚመጣው ብርዳም የደቡቡ ነፋስ አልለቀቀንም። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔ ራሱ ያሳፍረኛል።

ይህን ደብዳቤ ልጆቹ ትምህርት ቤት በሄዱበት ሰዓት፣ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ሳትጨርሺው አትደውዪልኝ። በስልክ ልነግርሽ ብሞክር ድምፅሽን ስሰማ ግማሹን እውጠዋለሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ እንደዚያው ነኝ፤ ታውቂኛለሽ።

ፈርመሽ መልሺልኝ ብለሽ የላክሽው የአቤቱታ ወረቀት ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። “ሐኪሟ በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረባትን ሳትጠይቅ በመቅረቷ አባታችን ለሦስት ቀን የማይሆነውን መድኃኒት ሲወስዱ ቆዩ” ይላል። ከሥሩ “በቦታው የነበረች ልጃቸው” ብለሽ ስሜን ጽፈሽ፣ ለፊርማ መስመር አስምረሽልኛል።

አልፈርምም፣ እታለም። ለምን እንደማልፈርም ልንገርሽ።

ነገሩ የጀመረው በኦገስት፣ ብርዱ አልወጣ ብሎ በከረመበት ሰሞን ነው። አባባ ዳሌው ተሰብሮ እኔ ቤት ከገባ አራት ዓመት አልፎት ነበር። አንቺ በየእሑዱ የምትደውዪለት አባባና እኔ ቤት የሚኖረው አባባ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። ካንቺ ጋር ይስቃል፣ የቄራውን ዘመን ቀልድ ያወራል፤ ስልኩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞሮ “ልጅ ማለት እንደሷ ነው፤ አንቺ ግን ይሄን ሻይ ከየት ኩሬ ነው የቀዳሽው?” ይለኛል። ሲፈልገኝ አይጠራኝም፤ በከዘራው ወለሉን ይደበድባል። አንድ ጊዜ ለሻይ፣ ሁለት ጊዜ ለማሞቂያው፣ ሦስት ጊዜ ለሽንት ቤት። ይህን ያልነገርኩሽ ቅሬታ እንዳይመስልብኝ ብዬ ነበር። ዛሬም ቅሬታ አይደለም። ማወቅ ስላለብሽ ነው።

አንድ ቀን በቴሌቪዥን አንድ ሰው የወጥ ቤት ትራፊና የታጨደ ሣር ከምሮ ወደ ጥቁር አፈር ሲለውጥ አየ። ከዘራውን ሰበቀና፣ “ነገ ከሥራ ስትመጪ የዚህን የኮምፖስት መጽሐፍ አምጪልኝ” አለኝ። “ለጀማሪ የሚሆን፣ ፊደሉ ትልቅ፣ ሥዕል ያለው። ስብከት ያለበት አልፈልግም። ዶክተሮች ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲቆጡኝ ኖረዋል፤ አሁን ደግሞ በድንች ልጣጭ እንዲቆጡኝ አልፈቅድም።”

ደስ አለኝ። ከወንበሩ ተነስቶ ከቤት የሚያስወጣው ነገር ተገኘ ብዬ።

በነጋታው በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሦስት መጻሕፍት አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። አንዱ ለገበሬ የተጻፈ ስለሆነ ወዲያው መለስኩት። ሁለተኛው ወፈር ያለ ነው፤ አንዲት የአትክልት ባለሙያ የጻፈችው፣ ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ። ሦስተኛው ቀጭን፣ ሽፋኑ ላይ ኮፍያ ያደረገ የመሬት ትል የሚስቅበት፣ ከጽሑፉ ሥዕሉ የሚበዛ ነው። የክፍላችን ኃላፊ ናይሪ በኋላዬ መጥታ ወፍራሙን ከፈተችና ጠርዙ ቀይ የሆነ አንድ ገጽ አሳየችኝ።

“ይሄኛውን ስጫቸው” አለችኝ። “አባትሽ ድሮ ያጨሱ አልነበር? ይሄ ገጽ እንዳያልፋቸው። የአጎቴን ሚስት ሆስፒታል ያስገባት ይሄው ነው።”

ገጹን ቆሜ አነበብኩት። ኮምፖስት ውስጥ ሳንባ የሚያጠቃ ጀርም ሊኖር ይችላል፤ ሌጂዮኔላ ይሉታል። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆኑ፣ የሚያጨሱ ወይም ያጨሱ የነበሩ፣ ሳንባቸው የደከመ ሰዎች ይበልጥ ይጠንቀቁ ይላል። ክምሩ ሳይረጥብ አይገላበጥ፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ አይሠራ፤ አፍና አፍንጫ በማስክ ይሸፈን፤ እጅ ይታጠብ። አራት መስመር ናት። ዛሬም በቃሌ እወጣታለሁ።

“እሱን ከወሰድኩለት ገና በሩ ላይ ይወረውርብኛል” አልኳት ለናይሪ፤ “ቀጭኑን ልስጠውና ይሄን እኔ በአፌ እነግረዋለሁ።”

“ትነግሪያቸዋለሽ?”

“ያባቴን ነገር ለእኔ ተይው።”

ቀጭኑን መዝግቤ ወጣሁ።

አባባ መጽሐፉን በሁለት ቀን ጨረሰው። እንደዚያ ሲያነብ አይተሽው አታውቂም። ጓሮ ያለውን የቆርቆሮ ቤት አስጠረገኝ። የጎረቤታችንን የኮሊንን የፈረስ ፍግ በጋሪ አስመጣ፤ የድንችና የካሮት ልጣጭ፣ ሣር፣ የተቀዳደደ ጋዜጣ ከመረ። በሳምንቱ ክምሩ መሞቅ ጀመረ። መንሹን ይዞ ሲገለብጠው ጭስ የመሰለ እንፋሎት ይወጣል፤ ዳር ዳሩ ደግሞ ጣሪያ ሥር ስለሆነ ደርቆ እንደ ዱቄት ይቦናል። አባባ መሐሉ ቆሞ ይስቃል፤ ልብሱ፣ ቅንድቡ፣ ጢሙ አቧራ ብቻ።

ነገርኩት ወይ? አንድ ቀን “አባባ፣ አቧራውን ተጠንቀቅ” አልኩት።

“ሠላሳ ዓመት ቄራ ውስጥ ደም እየተነፈስኩ ኖሬ፣ አሁን የካሮት ልጣጭ ሊገድለኝ ነው?” አለኝ። “ሂጂ፣ ሂጂ ወደ መጻሕፍትሽ።”

ሄድኩ። አቧራ አልኩት እንጂ ስለ ቀዩ ገጽ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በነጋታውም ነገ አልኩ።

የደቡቡ ነፋስ በተነሳበት በአንድ ቅዳሜ የቆርቆሮ ቤቱ በር ይንጓጓ ነበር። አባባ ከውስጥ ሆኖ “በሩን ዝጊልኝ! በረደኝ!” ብሎ ጮኸ። ሄጄ ዘጋሁለት። ከውጭ መቀርቀሪያውን አደረግኩና ወደ ቤት ተመለስኩ። ዝጊ ያለኝ እሱ ነው፤ እውነት ነው። እሱ የማያውቀውን የማውቀው ግን እኔ ነበርኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ወለል የሚደበድብ አልነበረም። ሻይ አፍልቼ ሳይቀዘቅዝ ጠጣሁ።

በኦክቶበር ማለቂያ፣ እዚህ አገር በሚከበረው የሠራተኞች ቀን ዋዜማ፣ የመጀመሪያውን አፈር በሻይ ስኒ ይዞልኝ መጣ። እንደዚያ ቀን ፊቱ በርቶ አያውቅም። “ሽተቺው” አለኝ፤ “ዝናብ ዝናብ ይላል። እናትሽ ብትኖር ምን ትል ነበር?” መጀመሪያ እሱ አፍንጫውን ስኒው ውስጥ ከቶ በረጅሙ ሳበው። ከዚያ ወደ እኔ አስጠጋው። ጎንበስ ብዬ ያሸተትኩ መሰልኩ። “ግሩም ነው፣ አባባ” አልኩት።

እህቴ፣ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

በበዓሉ ቀን እንደ አገሬው ልማድ፣ እንደ ሰው ሁሉ ቲማቲሙን ተከለ። ቆስጣውንም አፈር አለበሰው። ከበዓሉ በኋላ በስድስተኛው ቀን ራሴን አለ፤ ማታውን ትኩሳቱ ነደደ፤ ተቅማጥ ያዘው። ጠዋት ሲነሳ ቄራ የሚገባ መስሎት ቦት ጫማውን እየፈለገ ነበር። እኔን ባንቺ ስም ጠራኝ። “መጣሽልኝ?” አለኝ። አዎ አልኩት። አምቡላንስ ጠራሁ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ ብለሽ አንብቢ።

ዶክተር ሻሊኒ አንቺ እንደምትዪው “ያቺ ልጅ” ብትሆንም ሥራዋን የምታውቅ ናት። ሳንባውን አዳመጠች፤ ራጅ አስነሳችው፤ ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰሞኑን ጉዞ ሄደው ነበር ወይ? አልሄደም። ያጨሱ ነበር? አዎ፣ ሃምሳ ዓመት። ቀጥላ ይህን ጠየቀችኝ፦

“በቅርቡ አፈር፣ ኮምፖስት፣ እንዲህ ያለ ነገር ነክተው ነበር?”

“አይ” አልኳት። “ከወንበሩ የማይነሳ ሰው ነው።”

ወረቀቷ ላይ ልትጽፍ እጇን አነሳችና ቀና ብላ አየችኝ። “እርግጠኛ ነዎት?”

“እርግጠኛ ነኝ። አብሬው የምኖረው እኔ ነኝ።”

ለተራ የሳንባ ምች የሚሰጠውን መድኃኒት ጀመረችለት። እኔ ያልኳትን ይዛ ነው። ያ መድኃኒት ለዚህኛው ጀርም እንደማይሠራ በኋላ ራሷ አስረድታኛለች።

በአራተኛው ቀን ናይሪ ስኮን የሚባለውን ትንንሽ ዳቦ ጋግራ ልትጠይቀው መጣች። ዶክተር ሻሊኒ አልጋው አጠገብ ቆማ ነበር። ናይሪ ምንም ሳታውቅ ትራሱን አስተካክላለት፣ አባባን በስሙ ጠርታ፣ “ኧረ መርቭ፣ ይነሱ እንጂ! ያ ሁሉ የለፉበት ኮምፖስት ማን ሊገለብጥልዎ ነው?” አለችው።

ዶክተሯ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። ከዚያ ወጣች፤ አስር ደቂቃ ሳይሞላ አዲስ መድኃኒት ተሰቀለለት፤ ለምርመራም ናሙና ተወሰደ። ናይሪ ግን ቦርሳዋን አንስታ በሩ ላይ ቆመች። “ነግሬያቸዋለሁ ብለሽኝ አልነበር?” አለችኝ። ለካ አንድ ቀን ስትጠይቀኝ እንደዚያ ብያታለሁ። ከዚያ ወዲህ ከደህና ዋልሽ በቀር አታነጋግረኝም።

ቀሪውን ታውቂዋለሽ። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባ፤ አንቺ ትኬት ስትቆርጪ ሳንባው ከዳው፤ የደረስሽው ለቀብሩ ነው። ዶክተር ሻሊኒ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ መጥታ እጇን ስትዘረጋልሽ ፊትሽን አዞርሽባት። ምሳ ላይም በሰው ሁሉ ፊት “አባቴን የገደለችው እሷ ናት፤ ፈቃዷን ሳላስነጥቅ አልተኛም” አልሽ። ልጅቷ በሩ አጠገብ ቆማ ሰምታሻለች። እኔን አየችኝ፣ ጠበቀችኝ፤ ከዚያ ኮቷን ለብሳ ወጣች። እኔ ሳህን እሰበስብ ነበር።

ዶክተሯ ይህን ያህል የምትታገሠኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ደንግጬ የረሳሁ መስሏት ይሆናል። አንቺም ይህን እያነበብሽ “ምስኪን፣ ደንግጣ ነው እኮ” ልትዪልኝ ትችያለሽ። ስለዚህ ለማንም ያልነገርኩትን ልጨምርልሽ።

በመጀመሪያው ቀን ዶክተሯን “እርግጠኛ ነኝ” ካልኳት በኋላ ሆስፒታሉ ቤትዎ ሄደው ይረፉ አሉኝ። እኩለ ቀን ነበር። መንገዴ በቤተ መጻሕፍቱ ስለሆነ ገባሁ፤ ወፍራሙን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረድኩና ቀዩን ገጽ እንደገና አነበብኩት። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ተቅማጥ፣ መዘባረቅ፤ አንድ በአንድ የአባባ ነበር። ሳልረሳ፣ ሳልደነግጥ አነበብኩት። የዶክተሯ ስልክ ቁጥር ኪሴ ውስጥ ነበር። መጽሐፉን መለስኩና ቤቴ ገባሁ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። በእሱ ወንበር ላይ ፀሐይ አርፋ ነበር። ትንሽ ልቀመጥና እደውላለሁ አልኩ። ጫማዬን አውልቄ ቁጭ አልኩ። ስነቃ የማግስቱ ጠዋት ሆኗል፤ ያኔም አልደወልኩም። እንደዚያ ቀን ተኝቼ አላውቅም፣ እህቴ። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን እንደዚያ አልተኛሁም።

ዶክተሯ የጠየቀችኝንና የመለስኩላትን ቃል በቃል ጽፌ፣ ፈርሜ ትናንት ለሆስፒታሉ በፖስታ ልኬያለሁ። የመጽሐፉንም ነገር ጽፌዋለሁ። ወንበር ላይ የተኛሁትን ግን ላንቺ ብቻ ነው የጻፍኩት። ወረቀትሽን ሳልፈርምበት አብሬ መልሼልሻለሁ። የእሷን ስም ሰርዘሽ የእኔን ማስገባት ከፈለግሽ ቦታው ሰፊ ነው፤ አልቀየምሽም። ለእሷ ግን አንድ ደብዳቤ ጻፊላት። እጇን ዘርግታልሽ ነበርና።

እንግዲህ እግዚአብሔር ልጆችሽን ያሳድግልሽ። የትንሹን ደረት ያጽናለት፤ ትዳርሽን ይባርክልሽ። ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ፤ ስታረጂም የምትጦርሽን ልጅ የምታሳርፍ ሌላ ልጅ አይንሳሽ።

ያው ታናሽ እህትሽ፣
ከአባባ ጋር የቀረችው