ሙሉ ነጥብ ላገኘው ጆሮዬ የቀረበ ምስጋና

ለቋንቋ ማስተማሪያ መተግበሪያው ድርጅት ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ መንጋጋዬ በሽቦ ስለታሰረ በቃል ልነግርዎ ያልቻልሁትን በታላቅ አክብሮት በጽሑፍ አቀርባለሁ።

መክሊት እባላለሁ፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ጎበሳ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ በነርስነት አገለግላለሁ። ኦሮምኛ ልማር ብዬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያስተምርበትን ጨዋታዎን ስልኬ ላይ ብጭን፣ ዘውድ ደፍተውልኝ ከተማሪዎችዎ ሁሉ በላይ አስቀመጡኝ። ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ።

አንደኛው ቅሬታዬ፣ ማሽንዎ ያልገባኝን ፈጥኜ ስገምት ይሸልመኛል፤ «አልገባኝም» ስል ግን ነጥብ ይቀንስብኛል። እኔም አመሉን ተማርሁ።

ሁለተኛው፣ በገበያ ቀን ቱሳ የሚባል ገበሬ በእርሻ ድንበር ጠብ በጩቤ ተወግቶ፣ ሚስቱ አይሻና ታናሽ ወንድሙ ተሸክመው አመጡትና በጀርባው አስተኙት። ክንዱ እስከ አጥንቱ ተሰንጥቆ ስለነበር እሱን መስፋት ጀመርሁ። አይሻ እጄን እየጎተተች «ዱግዳ፣ ዱግዳ» ትለኝ ነበር፤ ጀርባውን እዪ ማለቷ ነው። እኔ ግን «ዱጋ»ን፣ ማለትም እውነትን፣ እንዴትም ብጠራው ሙሉ ነጥብ ይሰጡኝ ስለነበር፣ የምትምል መስሎኝ በኦሮምኛ «አዎ፣ እውነት ነው» ብዬ አጽናናኋት። ጀርባ የሚለውን ቃል ገና አልደረስሁበትም፤ ፈረስ ባርኔጣ እንደሚያደርግ ነበር የሚያስተምሩኝ።

ደሙ ፍራሹን አልፎ ወለሉን ሲያጥለቀልቅ ወንድሙ ገለበጠው። ከትከሻው በታች ያለው ቀዳዳ አየር እየሳበ አረፋ ይተፋ ነበር። አይሻ ሻሿን ቀዳዳው ላይ ስትጫን፣ ወንድሙ በዱላ ፊቴን መታኝ፤ መንጋጋዬ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት።

ሦስተኛው፣ ወለሉ ላይ ወድቄ ጥርሴን ስተፋ፣ ስልኬ ከጋውኔ ኪስ ውስጥ ጮኾ የዕለቱን ትምህርት እንዳልረሳ አሳሰበኝ። ስለ ትጋትዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ቱሳ አሰላ ሳይደርስ አምቡላንስ ውስጥ ሞተ። ወንድሙ ታስሯል፤ እንዲፈታልኝ ለፖሊስ ጽፌያለሁ። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ሰዉ ፊቱን አዞረብኝ፤ አይሻ ግን አጠገቧ አስቀመጠችኝና፣ በማትደፍረው አማርኛ፣ ቀስ ብላ ነገረችኝ።

«አልገባኝም ብትዪኝ፣ እኔው ገልብጬ አሳይሽ ነበር።»

ዘውዱን ለራስዎ እንዲደፉት በትሕትና የምለምን፣ የሁልጊዜ አክባሪዎ፣

ነርስ መክሊት

ማስታወሻ፦ የቱሳን መሞት በመተግበሪያዎ በኩል በኦሮምኛ ጽፌልዎ ነበር። ማሽንዎ «ሞተ» የሚለውን ግስ በትክክል ስለተጠቀምሁ አመስግኖ ነጥብ ጨምሮልኛል።