ማንጎውን እንቁላል ብለው ልጄን ከገና መዝሙር ስላስወጡልኝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ መንግሥቱ፣
የቤተ ክርስቲያናችን የሕፃናት መዝሙር ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ቶሮንቶ

ክቡር ሆይ፣

ከመላው ኮሚቴዎ ጋር እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ በተለይም ዓይንዎ፣ እንዴት ነው? የዓይንዎን ነገር ነጥዬ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በስልክ የተላከ ፎቶ አጉልቶ አጉልቶ ከአንዲት ሕፃን ሳህን ጥግ ላይ ኃጢአት ማግኘት የቻለን ዓይን እግዚአብሔር ይጠብቀው ከማለት በቀር ምን ይባላል።

ምናልባት ከረሱኝ፣ እኔ ዘርይሁን ነኝ፤ ከፍሌሚንግደን ፓርክ በሁለት አውቶቡስ እየመጣሁ፣ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት በበረዶው ወራት እሑድ ማለዳ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ የምጠርገው ሰው። ባለቤቴ ጽዮን በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። የስድስት ዓመቷ ኤደንና የአራት ዓመቱ ማቲ ልጆቻችን ናቸው። ዘንድሮ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሁለታችን የሥራ ዕረፍት ከትምህርት ቤት መዘጋት ጋር ስለገጠመልን ልጆቹን ይዘን አንድ ሳምንት ዶሚኒካን፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ሰነበትን። ይህን ሊያውቁ የቻሉትም በእኔው ጥፋት ነው፤ ለእህቶቼ የላክሁ መስሎኝ የልጆቹን ፎቶ ሦስት መቶ አርባ ሰው ባለበት የምእመናን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቅሁት። በዚህ የተነሳ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. ኮሚቴዎ ሌላ ሥራውን ሁሉ ትቶ በዚህ ፎቶ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለተወያየ ከልብ አመሰግናለሁ። ብቻቸውን የተቃወሙት ወይዘሮ ብርሃነሽ እንደነገሩን፣ በኤደን ሳህን ላይ የሚታየው ቢጫ ነገር እንቁላል መሆኑ በድምፅ ብልጫ ተወስኗል። ማንጎ ነበር። እንቁላልም ቢሆን ኖሮ፣ ሰባት ዓመት ያልሞላት ልጅ በነቢያት ጾም እንደማትገደድ፣ ልጆቻችንን እንዲያስተምሩልን የመረጥናቸው ሰዎች ያውቃሉ ብለን ነበር። ይህን ያህል ዕውቀት ከእርስዎ በመጠበቃችን ለደረሰብዎ ጫና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪. «በጾም ወራት በባሕር ዳር ሲንደላቀቁ» ብለው በግሩፑ ላይ ስለጻፉልን አመሰግናለሁ። ድሎታችን ምን ይመስል እንደነበር በዝርዝር ቢያውቁት ደስ ይለኛል። ማቲ ባሕሩን ገና ሲያየው ጮኾ አለቀሰ፤ ከዚያም አምስት ቀን ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶት አሸዋ ላይ ጉድጓድ ሲቆፍር ዋለ። ጽዮን ጥላው ሥር ጋደም ባለች ቁጥር አንዱ ሽንቴ መጣ ይላል፣ አንዷ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ገባ ትላለች። እኔና እርሷም እንደ ወትሮው እስከ ሰዓቱ ድረስ ሳንቀምስ ቆይተን፣ ሥጋው፣ ዶሮውና አይቡ ያለ ከልካይ ወደሚዛቅበት አዳራሽ እየገባን ሰባት ቀን ሩዝና ባቄላ በላን። አስተናጋጁ የታመምን መስሎት አዝኖልን ከወጥ ቤት ተጨማሪ ባቄላ ያመጣልን ነበር። እርስዎ በዚያ ሳምንት ምን እንደበሉ አላውቅም፤ የሰው ሳህን ማየት ልማዴ አይደለም።

፫. ኤደን በገና ዕለት ብቻዋን የምታዜመውን ግጥም ከኅዳር ጀምራ ስታጠና ነበር። ባሕር ዳርቻም ሄዳ አልተወችውም፤ በየማለዳው እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ቆማ፣ እንዳልረሳው እያለች፣ ከላይ እስከ ታች ትወጣዋለች። ማቲ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ይቀበላታል። ሊዮ የሚባል ከሞንትሪያል የመጣ የሆቴል ጎረቤታቸው እንኳ ሃሌ ሉያዋን ይዞ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ይህን የምጽፈው ስለ ልጄ ለመመካት ነው፤ እደብቀዋለሁ ብዬ አልቸገርም።

፬. ውሳኔዎን ለእኔም ለእናቷም ሳይሆን ለራሷ ለኤደን፣ ትናንት እሑድ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ለልምምድ ስትመጣ፣ ጓደኞቿ ሁሉ እያዩ፣ በር ላይ ቆመው ስለነገሯት አመሰግናለሁ። ዘንድሮ አትዘምሪም ሲሏት፣ ግጥሙን እኮ ሙሉውን አውቀዋለሁ ብላ በእንግሊዝኛ መለሰችልዎ። እርስዎም በአማርኛ መልሺ ብለው ተቆጧት። እኔ ደረጃው ሥር አካፋዬን ይዤ ነበርሁ። ስደርስ ቀሚሷ እንዳይታይ ኮቷን እስከ አንገቷ ድረስ ቆልፋ ቆማ አገኘኋት።

እዚህ ላይ ምስጋናዬ አለቀ፣ አቶ መንግሥቱ። ተናድጃለሁ። ስለ ፎቶው እኔን ጠርተው ቢገሥጹኝ ራሴን ዝቅ አድርጌ እሰማዎት ነበር፤ እርስዎ ግን ከሦስት መቶ አርባ ሰው መካከል የሚመጥንዎትን ሲፈልጉ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ አገኙ። እርሷን ለመመለስ የቆሙበትን ደጃፍ ትናንት ጠዋት የጠረግሁት እኔ ነኝ። አዳልጦዎት እንዳይወድቁም ጨው ነስንሼበት ነበር።

ይህ ደብዳቤ ፎቶው በወጣበት በዚያው ግሩፕ ላይ ይለጠፋል፤ አሁን ግን በስህተት አይደለም።

የኮሚቴዎን ሥልጣን ያስፋልዎ፣ መነጽርዎንም ያድስልዎ እያልሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በላይ በሆነ ትዝብት፣

ከእግርዎ ሥር በረዶ ሲጠርግ የኖረው
ዘርይሁን
ታኅሣሥ ፳፯ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ፈርሜ እንደጨረስሁ በስልኬ ላይ የተዉልኝን የድምፅ መልእክት ሰማሁ። በኤደን ቦታ የተተካው የልጅ ልጅዎ እዝራ ግጥሙን ሊይዝ ስላልቻለ፣ ረቡዕ፣ በገና ዕለት፣ መጥታ እንድትዘምር ፈቅደዋል። እንቁላሉ በአንድ ቀን ውስጥ ተመልሶ ማንጎ በመሆኑ ደስ ብሎናል። መልእክቱን ኤደንም ሰምታዋለች፤ ትመጣለች። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውዬው በር ላይ ይቆማል ወይ አለችኝ። አይቆምም ብያታለሁ። ልጄ ፊት ውሸታም እንዳያደርጉኝ፣ ረቡዕ ማለዳ የጓሮውን በር ለእርስዎ ጠርጌ እጠብቃለሁ።