ገብርኤል የሸፈነው መብራት

ረቡዕ፣ ሐምሌ 15

ነገ እማዬን ቤቴል ክሊኒክ በመኪናችን ልናደርሳት ነው፤ ዳገቱ ደግሞ በክረምት ሳሙና ነው። የጎማ መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ሲስተም መበላሸቱን የሚናገረው መብራት ግን ከሰኞ ጀምሮ አልጠፋም።

መካኒኩ እንደነገረን፣ በየጎማው ያለው ሴንሰር ፍጥነቱን ለኮምፒውተሩ ያሳብቃል፤ ኮምፒውተሩም ከሌሎቹ ይበልጥ የሚሽከረከረውን ጎማ በፍሬን ይይዘዋል። አንዱ ሴንሰር ዝም ካለ ግን ኮምፒውተሩ ሥራውን ትቶ መብራቱን ያበራል። ማሳበቅማ የእኔም እንጀራ ስለሆነ ቶሎ ገባኝ።

ባሌ ግን ምን አደረገ? መብራቱ ላይ የገብርኤልን ስቲከር ለጠፈበት። እማዬ ዛሬ አየችና ላጠችው።

"አንተ ልጅ፣ መልአኩን ገመና ሸፋኝ አደረግኸው?"

ሳቀ፤ ሆኖም ቁልፉን ይዞ ወደ ጋራዥ ሄደ። እስካሁን አልተመለሰም። እማዬ ስቲከሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ "መብራቱ ካልጠፋ እኔና ገብርኤል በታክሲ እንሄዳለን" ብላለች።