መርፌው እስኪፈላ የጠበቁት የድሬሰር መንግሥቴ ወልደ ሥላሴ የሕይወት ታሪክ

ድሬሰር መንግሥቴ ከአባታቸው ከቄስ ወልደ ሥላሴ አበረ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሐና ደሞዝ፣ በመስከረም 1920 ዓ.ም. ከወረታ ወጣ ብላ በፎገራ ሜዳ ላይ ባለች መንደር ተወለዱ። ዳዊት ደግመው ለቅስና ሲታሰቡ፣ የአንዱ ቁስል ሲሽር የሌላው ለምን እንደሚመግል መምህራቸውን መላልሰው በመጠየቅ አስቸገሩ፤ ቅስናው ቀረ። ጎንደር ሄደው ቁስል የማከምና መርፌ የመውጋት፣ የድሬሰርነት ሙያ ከተማሩ በኋላ በ1949 ዓ.ም. ወረታ ክሊኒክ ገቡ። በዚያው ዓመት ወይዘሮ ሸዋነሽን አገቡ።

በ1951 ዓ.ም. በአንድ የገበያ ቀን ሰው ስለበዛባቸው፣ መርፌውን ሳይቀቅሉ በሙቅ ውኃ ብቻ እያለቀለቁ ዐሥራ አንድ ሰው ወጉ። አራቱ የተወጉበት አብጦ መገለ። መንግሥቴ በየቤታቸው እየዞሩ ጥፋቱ የራሳቸው መሆኑን ቢናገሩ የሚያምናቸው አጡ። በዚያው መርፌ ከሳንባ ምች የዳኑት ጎረቤታቸው አቶ አንለይ፣ “ያበጠውማ መድኃኒቱ ኃይለኛ ቢሆን ነው” ብለው አጽናኗቸው። ሰዉም ከዚያ ወዲያ ያልተቀቀለውን “የአንለይን መርፌ” እያለ ይጠይቅ ጀመር፤ ሲቀቀል ሲያይም ፈውሱ ወጣ ብሎ ያዝናል። መንግሥቴ ግን ሃያ ደቂቃ ያልፈላ መርፌ ዳግመኛ አልያዙም።

በነሐሴ 1953 ዓ.ም. ወይዘሮ ሸዋነሽ በወለዱ በአራተኛው ቀን ብርቱ ትኩሳት ያዛቸው። ዝናቡ መንገዱን ስለዘጋ ላምባ አልቋል፤ ኩበቱም ርሷል። መንግሥቴ ምድጃው ላይ ተደፍተው እፍ ሲሉ፣ ከሠርጉ ጀምሮ አንቱ ይሏቸው የነበሩት አማታቸው ወይዘሮ ገላነሽ፣

“ምነው አንተ ሰው! ልጄ እየነደደች ብረት ትቀቅላለህ? አንለይን ባዳነው እንዲያው ውጋት!” አሏቸው።

“እናቴ፣ በዚያ ዓይነት አራት ሰው ጎድቻለሁ። ሸዋነሽን አልጨምርም።”

“ብትሞትስ?”

መንግሥቴ ሰዓታቸውን ብቻ ያዩ ነበር። ውኃው ከፈላ ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ወይዘሮ ሸዋነሽን ወጓቸው። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ለቀቀ፤ የተወጉበትም አላበጠ። ያዳናቸው መርፌው ይሁን ጸሎቱ፣ ወይዘሮ ገላነሽ እስከ ዛሬ አልወሰኑም። ሆኖም ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየበጋው ደረቅ ኩበት ለክሊኒኩ ያሸከሙት እሳቸው ናቸው።

ድሬሰር መንግሥቴ ጉበታቸውን ታመው ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 14 ቀን 1962 ዓ.ም. በ42 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ትሁንን እና አማታቸውን ትተው አልፈዋል። ቤተ ዘመድ ያን የነሐሴውን ንግግር ከዚህ ጽሑፍ ለማስቀረት አስቦ ነበር፤ ወይዘሮ ገላነሽ ግን፣ “እኔ ያልኩት አንድም ሳይቀር ይነበብ፤ ሰው ይስማው” ስላሉ ተነቧል።

ደጉ አምላክ ነፍሳቸውን ከአበው ማረፊያ ያድርስልን፤ አሜን።