የልጄን ወገብ አስቀድመው ለተነበዩልኝ

ለተከበሩ ዶክተር እስጢፋኖስ
የሕንፃ ሥራ ድርጅቱ ክሊኒክ ኃላፊ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከወንበርዎ ያለ ሕመም የሚያስነሳዎ አምላክ ይመስገን።

አስቀድሜ አንድ ወሬ ላርም። የዓለምወርቅ ልጇን ሐኪም ከልክላ ጠበል ብቻ አስጠመቀችው እየተባለ በሰፈራችን በቀሐ ይወራል። ሐሰት ነው። ጠበሉም አልቀረበትም፤ ወገቡን በያዘው ሰሞን ግን ደግፌ ወደ ክሊኒክዎ ያመጣሁት እኔው ነኝ።

ልጄ አምሐ የድርጅታችሁ ግንበኛ ነበር። አዘዞ ላይ ድንጋይ ሲያነሳ ተጎዳ። ክሊኒክዎ ማን ቶሎ እንደሚድን፣ ማንስ ከሥራ እንደሚቀር በጥያቄና በነጥብ አስቀድሞ ይለያል ሲባል ደስ ብሎን ተቀመጥን። አሁን ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ባለሙያዎ፣ ወደ ሥራህ እንደምትመለስ ምን ያህል እርግጠኛ ነህ ሲል ጠየቀው። አምሐ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው፤ በእኛ ቤት ስለ ነገ እርግጠኛ ነኝ ማለት ድፍረት ነው። ስለዚህ እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ መለሰ። ባለሙያዎ ተስፋ የቆረጠ ነው ብሎ ዜሮ ሰጠው። ጎንደር ተወልዶ አድጎ ይህን መልስ እንዲህ መስማት ልዩ ችሎታ ይጠይቃልና አመሰግናለሁ።

፪ኛ፦ ውጤቱ ለአለቃው ተላከ፤ በቦታው ሌላ ሰው ተቀጠረ። ከሥራ ይቀራል ያላችሁት ልጅ በእርግጥም ቀረ። ትንቢታችሁ ስለደረሰ እንኳን ደስ ያላችሁ።

፫ኛ፦ ሕመሙ ለቆታል። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር በዓይኔ አይቻለሁ። እንዳየሁት ሲያውቅ ግን ደንግጦ ተመልሶ ተኛ፤ የተማሩት አትድንም ካሉኝ እኔ ማን ነኝ፣ እማዬ፣ አለኝ። መዶሻውንና ቱንቢውን ለጓደኛው ለክንዱ ሰጥቷል። የሙት ልብስ ሲታደል አውቃለሁ፤ የሕያው ሰው መሣሪያ ሲታደል ግን በዚህ ዕድሜዬ ገና አየሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። እንደገና አስጠርተው ይጠይቁልኝ። እርግጠኛ ነህ ወይ አይበሉት፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ የትኛውን ግድግዳ ልትጀምር አስበሃል ይበሉት። ያን ጊዜ መልሱን ጽፈው አይጨርሱትም።

ሰውን ሳያዩ ነጥቡን የማየት ጸጋዎ እንዲበዛልዎ በመመኘት፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የዓለምወርቅ ወልደኢየሱስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልስዎ እስኪደርስ ሥራ አልፈታም። ነገ በመጀመሪያ ክንዱ ዘንድ ሄጄ መሣሪያውን አስመልሳለሁ። ከዚያ መሣሪያውን አምሐ አልጋ አጠገብ አስቀምጬ፣ የፈረሰውን የግቢያችንን ካብ በእጄ መካብ እጀምራለሁ። እናቱ ድንጋይ ስታነሳ እያየ የሚተኛ ልጅ አላሳደግሁም። ካልተነሳ ግን ብቻዬን እክባለሁ፤ በማግስቱ ክሊኒክዎ የሚመጣው ወገብ የእኔ ነው።